የሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያ

አጸደ ጓድ ጉግሳን ለሊቀመንበርነት የመረጠችው ከጎኗ የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ስላወጡ ነው። በኋላ ለራሷ ብዙ ሰበብ ልታበጅለት ሞክራ ነበር። የሬዲዮ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ነው፣ ከሥራዬ ያፈናቅሉኛል ብዬ ነው፣ ብቻዬን ምን ላመጣ ብዬ ነው ትላለች። ግን ያን ቀን አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ይህን ሁሉ አላሰበችም። ሰው አወጣ፣ እሷም አወጣች።

ጥቅምት 1976 ዓ.ም. ነበር። አጸደ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አሰበ ተፈሪ ተመድባ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። «ሕብረ ድምፅ» የሚባል አገር አቀፍ የአማተር ሬዲዮ ማህበር አባልና የአካባቢው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበረች። አባላቱ መገናኛ ሬዲዮ በገዛ እጃቸው እየገጣጠሙ ከከተማ ከተማ፣ ሲቀናቸውም ከባሕር ማዶ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ የሚገኘው በማህበሩ በኩል ብቻ ነው። ከማህበሩ ውጭ አንቴና የዘረጋ ሰው በዚያ ዘመን ሰላይ ነው ተብሎ ሊያልቅለት ይችላል።

ማህበሩን ያቋቋሙት አቶ አምባው የተባሉ የስልክ ሠራተኛ ጡረተኛ ናቸው። ጣቶቻቸው የብየዳ ካውያ ያልጠበሰው ቦታ የላቸውም። በዚያ ጉባኤ ላይ ከበላይ የመጣ አንድ ሰው «አመራሩ ከዘመኑ ጋር መራመድ አለበት» አለና ጓድ ጉግሳን ለሊቀመንበርነት ጠቆመ። ጉግሳን ከአባላቱ አንድም ሰው አያውቀውም።

አቶ አምባው ተነሡ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አሉ። «የጓድ ጉግሳ የጥሪ ምልክት ማነው?»

እያንዳንዱ ባለፈቃድ አማተር በአየር ላይ የሚታወቅበት የራሱ የጥሪ ምልክት አለው። ሰውየው አንድም ቀን ሬዲዮ ነክቶ እንደማያውቅ ለማጋለጥ ይህ ጥያቄ በቂ ነበር። አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

ጉግሳ ግን አልደነገጠም። «የእኔ የጥሪ ምልክት አብዮቱ ነው!» አለ።

ተጨበጨበ። ቀጥሎ ድምፅ ተሰጠና በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። አቶ አምባው ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። አጸደ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚወስዳት አውቶቡስ ላይ መንገዱን ሙሉ አፏን መረራት።

የአሰበ ተፈሪ ቅርንጫፍ ሦስት ሬዲዮ ነበረው። አንዱ አጸደ ዘንድ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሂርና፣ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኙ የታጁዲን ነው። ሦስተኛው ቦርደዴ ክሊኒክ ውስጥ ከጤና ረዳቱ ከገብሬ ዘንድ ነው። ሦስቱም ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ ወሬያቸው ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ አንቴና ነው። ገብሬ ግን ሁለት ጊዜ ምጥ የጠናባትን ሴት በዚያ ሬዲዮ አምቡላንስ ጠርቶ አስወስዷል።

የካቲት ላይ ከማዕከሉ ሰርኩላር ደረሰ። በየቅርንጫፉ ያሉ በእጅ የተሠሩ ሬዲዮዎች በሙሉ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ተሰብስበው ይላኩ ይላል። ከታች የጉግሳ ፊርማ አለ፤ ፊርማው ከጽሑፉ ይበልጣል። አጸደ መጀመሪያ የራሷን በካርቶን አሸገች። ከዚያ ሂርና ሄደች።

ታጁዲን ሰርኩላሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ሂርና ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ግን ሚዛንና ሜትር ትቶ ከሱቁ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የሽቦ ማያያዣ ስታኞ ሲያቀልጥ ይውላል።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ይመልሱታል?» አላት።

«ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል ይላል።»

«እሱ የሚለውን አነበብኩት። አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«ይመልሱታል» አለች አጸደ።

ታጁዲን የሬዲዮውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን አሳያት። ትልቁን ትራንስፎርመር እሱ ራሱ ነው የጠመጠመው፤ ሁለት ሺህ ምናምን ዙር። «ሽቦውን ሙሚና ነች የያዘችልኝ» አለ እየሳቀ። ሙሚና ቦርደዴ የተዳረች ታናሽ እህቱ ናት። «መጠቅለያ ጨርቅ ሲጠፋ ከሻሿ ቀድዳ ሰጠችኝ። ይኸው።» በትራንስፎርመሩ ወገብ ላይ ቫርኒሽ የጠጣ ቢጫ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ሬዲዮውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀበላት።

ቦርደዴ ላይ ገብሬ አልተከራከረም። «በዚህ መሃል ሰው ቢታመምብኝስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ስልክ አለ አይደል?» አለችው።

«ስልኩማ አለ፤ የሚሠራ ቀን።»

እሱንም ተቀብላ ሄደች። ሦስቱን ሬዲዮዎች በእጇ ፈርማ አስረከበች።

ሚያዝያ ላይ እስከ በዓሉ ድረስ የቦርደዴው ሬዲዮ እንኳ ይመለስልን ብላ ጻፈች፤ መልስ የለም። ግንቦት ላይ ደገመች። መልስ ሆኖ የመጣው የአዲሱ የማህበሩ ዓርማ አሰፋፍ መመሪያ ነው። ዓርማው ላይ የአንቴና ማማ፣ ማጭድና መዶሻ፣ ከሥሩ ደግሞ የሊቀመንበሩ መፈክር አለ። ሰኔ ላይ «የአባላት የንቃት ደረጃ መመዘኛ» የሚባል አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ መጣ። ስለ ሞገድ፣ ስለ አንቴና፣ ስለ መገናኘት አንዲት ቃል የለበትም። አጸደ ሞልታ ላከችው። ያንንም ሞላች።

ነሐሴ 1976፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ቦርደዴ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ መጣ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከጨርጨር ተራሮች ላይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ግመል የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ በአንድ አፍታ ዛፍና ቋጥኝ እያንከባለለ ሞልቶ ወጣ። የገበያ ቀን ነበር። ሱቆቹን ወሰደ፣ የስልክ እንጨቶቹን ነቀለ፣ መንገዱን በግራም በቀኝም ቆረጠው።

ገብሬ ክሊኒክ ከአርባ በላይ ቁስለኛ ተሸክመው አመጡለት። ፋሻ አለቀ። መስፊያ ክር አለቀ። ግሉኮስ ከመጀመሪያውም ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነበር። ወሬው ስልክ ወዳለባት ወደ ሚኤሶ የደረሰው ሁለት ሰዎች ውሃው ጎደል እስኪል ጠብቀው በእግራቸው በማግስቱ ጠዋት ሲገቡ ነው። ከአሰበ ተፈሪ ሐኪሞች ወዲያው ተነሡ። ሲደርሱ ግን ስድስት ሰው ክሊኒኩ ውስጥ ሞቶ ቆያቸው። አንዷ ሙሚና ነበረች። የሱቃቸው ወራጅ ጭኗ ላይ ወድቆባት ደሟ ሲፈስ ነው ያደረው።

አጸደ ቦርደዴ የሄደችው በሦስተኛው ቀን ነው። ገብሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙን አልቀየረም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት ቀና ሳይል። «የሬዲዮው ማይክራፎን ይሰቀልበት የነበረ ሚስማር አለ አይደል፣ ግድግዳው ላይ? ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁት። የለም፣ አውቃለሁ እንደሌለ። ግን እጄን ዘረጋሁ። ሰው እየሞተብኝ፣ ሦስት ጊዜ።»

አጸደ አጠገቡ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ሂርና ለቅሶ ስትደርስ ታጁዲን ከወንዶቹ መሃል ተነሥቶ ተቀበላት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ የአላህ ነን፣ ወደሱም እንመለሳለን። እናቱ አጠገብ አስቀመጣት። ስለ ሬዲዮ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሷም አልደፈረችም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ጎርፉ በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት ከማዕከሉ የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ መጣ። አጸደ መምህራን ክፍል ቆማ አነበበችው። «በቦርደዴ የደረሰውን የተፈጥሮ አደጋ ተከትሎ ቅርንጫፋችሁ ማዕከሉ በሰጠው የነቃ አመራር በመመራት የመጀመሪያውን የድረሱልን ጥሪ በሬዲዮ በማስተላለፍ የበርካታ ጓዶችን ሕይወት ስላተረፈ...» ይላል። ጓድ ጉግሳ ራሳቸው መጥተው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ለሥነ ሥርዓቱም የጓድ ታጁዲን ሬዲዮ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ደወለች። የጉግሳ ጸሐፊ አነሣ።

«ስሕተት አለ» አለችው። «እኛ የጠራነው ጥሪ የለም። ሬዲዮዎቹ እናንተ ጋ ናቸው።»

«ጓድ አጸደ፣ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ተልኳል። አሁን እንዴት ይታረማል?»

«ሰው ሞቷል እኮ ነው የምልህ።»

«እሱንም አስገብተነዋል» አላት። «የሕሊና ጸሎት አለ በፕሮግራሙ።»

ስልኩን ስትዘጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ጉግሳ መስከረም መጨረሻ ላይ በላንድሮቨር አሰበ ተፈሪ ገባ። ከሱ ጋር ፎቶ አንሺና አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ መጥቷል። ምሳ ሆቴል ተጋበዘ፤ አጸደም እንድትገኝ ታዘዘች። ጥብሱ ሳህን ላይ ሳይሆን አገጩ ላይ ያለ ይመስል ነበር። አጥንቱን እየጋጠ ያወራል፣ እያወራ ይውጣል፣ በዚያው ጣት ትከሻዋን ይነካል።

«ስንት ነው የሞተው?» አላት።

«በጠቅላላ አሥራ ዘጠኝ። ክሊኒክ ከገቡ በኋላ ስድስት።»

«ስድስቱን አታንሺ፤ ያደናግራል።» ቅልጥሙን ሳህኑ ላይ መታ መታ አድርጎ መጠጠው። «ይህ ጎርፍ ለማህበራችን ትልቅ አጋጣሚ ነው። እስከ ዛሬ የሬዲዮ አማተር ምን ይሠራል ሲሉን መልስ አልነበረንም። አሁን አለን። ገባሽ? ንግግሩን እኔ አደርጋለሁ፣ አንቺ የቅርንጫፉን ሪፖርት ታነቢያለሽ። ተጽፎ መጥቷል።» የታጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። ጥጉ ላይ የጣቱ ቅባት አሻራውን ትቶበታል። «ደግሞ ስንመለስ ጥሩ ጫት አስጭኚልን። የበላይ ጓዶች አደራ ብለውኛል።»

አጸደ ያቀረቡላትን አልቀመሰችም። ወረቀቱን ግን ተቀበለች።

ሥነ ሥርዓቱ በከተማው አዳራሽ ነበር። የቀበሌ ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ ከቦርደዴ በጭነት መኪና የመጡ ተጎጂዎች ሞልተውታል። ገብሬ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ታጁዲን ሬዲዮውን ለመቀበል ብቻ ነው የመጣው። ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ፎቶ ይነሣ ተባለ። ታጁዲንን መድረክ ላይ አውጥተው ከሬዲዮው ፊት አስቀመጡትና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫኑለት። ጉግሳ ከጎኑ ቆሞ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። «እንደምትጣራ ሁን» አለው። «አፍህን ክፈት እንጂ! ድረሱልን ስትል!»

ታጁዲን አፉን አልከፈተም። ሬዲዮውን በሁለት እጁ ከጠረጴዛው ትንሽ አነሣ አደረገው። አጸደ ፊቱ ሲለወጥ አየች። ሣጥኑ እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለው። ጀርባውን አዙሮ ሲያይ እንደ አምፖል የሚበራው ቫልቭ የለ፣ ትራንስፎርመር የለ፤ የተቆራረጠ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ፎቶው ተነሣ። ጉግሳ ወደ ማይክራፎኑ ሄደ። መጀመሪያ ማይክራፎኑን በጥፊ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ ንግግሩን ጀመረ። ድምፁ አዳራሹን አናወጠው። «የሕብረ ድምፅ ቆራጥ አመራር ከማዕከል እስከ ቦርደዴ በዘረጋው መረብ...» እያለ ይቀጥላል።

ድምፅ ማጉያው መድረኩ ጥግ ላይ ነው። እንዳይግል የኋላ ክዳኑን አንሥተውለታል። ታጁዲን አሁንም ባዶውን ሬዲዮ እንደታቀፈ ነው፤ ዓይኑ ግን ወደዚያ ሄዶ ቀረ። አጸደም ዓይኑን ተከትላ አየች። ከሚቀሉት ቫልቮች ሥር አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። ወገቡ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጠምጥሟል።

ታጁዲን ሣጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። በመድረኩ ላይ እየሄደ የሚያስቆመው አልነበረም፤ ሁሉም ማሽኑን ሊያስተካክል መሰላቸው። ሶኬቱን ነቀለ። የጉግሳ ድምፅ በቃሉ መሃል ተቆረጠ። አፉ ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። ከሩቅ ሲያዩት የሆነ ነገር የሚያላምጥ ይመስላል። ታጁዲን ካቻቢቴውን ከቦርሳው አውጥቶ ተንበረከከ። አራት ብሎን ፈታ። ሽቦውን ቆረጠ። ትራንስፎርመሩ ገና ትኩስ ነው፤ በኮፍያው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

«ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው? ያዙት!» አለ ጉግሳ በባዶ ድምፁ። ቀጭን ድምፅ ነበር። ወደ አጸደ ዞረ። «ጓድ አጸደ! ሪፖርቱን አንብቢ! አሁን!»

አጸደ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣች። ወረቀቱ በእጇ ነበር። ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ክፍል ውስጥ በምታስተምርበት ድምፅ፣ የኋላ ረድፍ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ሬዲዮ አልነበረም» አለች። «ማንም ማንንም አልጠራም። የቦርደዴን ሬዲዮ የካቲት ላይ ከገብሬ እጅ ተቀብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። የታጁዲንንም እኔ ነኝ። ይመለሳል ብዬ። ጎርፉ ሲመጣ ሬዲዮው ገብሬ ጋ ቢኖር ኖሮ ሐኪም የዚያኑ ዕለት ይነሣ ነበር። ስድስት ሰዎች ክሊኒክ ውስጥ ሞተዋል። የዚህ ሰውዬ እህት ከነሱ አንዷ ናት። የእህቱ ሻሽ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር ደግሞ ይኸው አሁን የጓድ ጉግሳን ንግግር ሲያጎላ ነበር። ሪፖርቱ ይህ ነው።»

ከቦርደዴ ከመጡት አንድ አዛውንት በበትራቸው ወለሉን መቱና «ዱጋ!» አሉ። «ዱጋ ነው! እውነት ነው!» ሌሎችም ተቀበሏቸው። ከኋላ ገብሬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጉግሳ ግን ፈገግ አለ። አጸደን ከሁሉም በላይ ያቅለሸለሻት ያ ፈገግታ ነው። «ጓዳችን ደክሟታል፣ ኀዘን ነው» አለና የምስክር ወረቀቱን በአቅራቢያው ላገኘው የቀበሌ ሰው አቀበለ። ፎቶ አንሺውን ጠቀሰው። ፎቶው ተነሣ። የቀበሌው ሰው ግራ ገብቶት በሁለት እጁ ይዞት ቀረ።

ታጁዲን በር ላይ ተያዘ። የማህበር ንብረት አውድሟል፣ አብዮታዊ ሥነ ሥርዓት አደናቅፏል ተባለ። ትራንስፎርመሩም «ኤግዚቢት» ተብሎ ጣቢያ ገባ። አጸደን ጠይቀው ለቀቋት። የሂርና ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ለምነው ተመለሱ። ጉዳዩ ከበላይ ነው ተባሉ።

በሁለተኛው ሳምንት አጸደ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ስልክ ተጠራች። ጉግሳ ራሱ ነበር።

«ማህበሩ ክሱን ሊያነሣ ይችላል» አለ። አፉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ሲውጥ ይሰማታል። «አንድ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ብዕር ያዢ።»

ያዘች።

«በኀዘን ተገፋፍቼ ለተናገርኩት ሐሰት ጥልቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ... ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ።»

«የማህበራችንን አመራር፣ በተለይም የሊቀመንበራችንን አርቆ አስተዋይነት... እዚያ ላይ ነጠላ ሰረዝ አድርጊ።»

አደረገች። እስከ ፊርማው አስጻፋት። ሲጨርስ መልሳ እንድታነብለት ጠየቀ፤ አነበበችለት። «ጎበዝ» አላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓሮ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አስመለሳት።

ደብዳቤው በኅዳር የማህበሩ መጽሔት ላይ ከፎቶዋ ጋር ወጣ። ፎቶው መድረክ ላይ ቆማ፣ አፏን ከፍታ ስትናገር የተነሣችው ነው። ከሥሩ «የአሰበ ተፈሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ስለ አመራሩ ምስክርነት ስትሰጥ» ይላል። ሬዲዮዎቹ አልተመለሱም። ጉግሳ በቀጣዩም ጉባኤ ተመረጠ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፤ እስከ 1983 ድረስ ማንም አልነካውም። አጸደ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ከማህበሩ መልቀቅ የሚፈቀደው በሊቀመንበሩ ውሳኔ ነው የሚል መልስ መጣላት።

ታጁዲን በአርባ ሁለተኛው ቀን ተፈታ። አጸደ በማግስቱ በሕዝብ ማመላለሻ ሂርና ሄደች። ሊያስገባትም ላያስገባትም እንደሚችል አስባለች፤ መጽሔቱን በቦርሳዋ ይዛዋለች፤ ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለገችም። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ጺሙ ረዝሞ፣ ከስቶ፣ የአንድ ሰውዬ ቴፕ ፈትቶ ተቀምጧል።

መጽሔቱን ዘረጋችለት። አንብቦ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች።

«ጻፍሽለት?» አለ።

«ጻፍሁለት።»

«እኔ እንድወጣ?»

«እንድትወጣ። ግን ለዚያ ብቻ ነው ብዬ አላመካኝም ታጁዲን። ከዚያ በፊትም ብዙ ጽፌላቸዋለሁ፣ ማንም ሳይታሰር።»

ታጁዲን መጽሔቱን አጥፎ ካውያ በጠባበሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ከውጭ የሂርና ጫኝና አውራጆች ጫት እየጫኑ ይጯጯሃሉ። አጸደ መሄድ እንዳለባት እያሰበች ቦርሳዋን አነሣች።

«ሙሚና ብትኖር ትሰድብሽ ነበር» አላት። «እኔ ስድብ አላውቅበትም።»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጓዳው በኩል ድምፁን አሰማ፤ እናቱ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው መጡ። ዓይናቸው አጸደ ላይ አረፈ፤ ወደ ልጃቸው ሄደ፤ ተመለሰ።

«ታጠቢ ቲቸር» አለ ታጁዲን። «ምሳ ደርሷል።»

እናትየው ውሃውን አፈሰሱላት። አጸደ እጇን ደጋግማ ታጠበች።